የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እያዩ ጨዋታ ማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰፈሬ ውስጥ ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስ አሰለጥናለሁ። ደሞዝ የለውም፤ ኳሱም የራሴ ነው። ልጆቹ፣ አንዳንዴም ወላጆቻቸው፣ «ምን ብናይ ይሻላል?» ሲሉኝ የአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ጨዋታ እላቸዋለሁ። ከዚያ የጥያቄ ዶፍ ይወርድብኛል። ሁሌ አንድ አይነት መልስ መስጠት ሰለቸኝና እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

ኤንቢኤ እያለ ለምን የሴቶች ኮሌጅ?

ኤንቢኤን አልጠላም፤ ሌሊት ተነስቼ የማይበት ጊዜ አለ። ለመማር ሲሆን ግን ያስቸግራል። እዚያ ያሉት ሰዎች ስህተታቸውን በቁመትና በዝላይ ያስተካክሉታል። አንዱ ጥግ ላይ ተይዞ፣ የሚያቀብለው ጠፍቶ፣ ሁለት ሰው ላይ ዘሎ ያስቆጥራል፤ እኛም «አቤት ጉድ!» እንላለን። ነገ ሜዳ ሄዳችሁ ያንኑ ስትሞክሩ ኳሱ አጥር ዘሎ አስፋልት ላይ ነው የሚገኘው።

የሴቶች ኮሌጅ ጨዋታ ላይ ዳንክ (ዘሎ ኳሱን ከላይ ቀለበቱ ውስጥ መክተት) ከስንት አንዴ ነው። ጨዋታው ከቀለበቱ በታች ስለሆነ ነጥብ የሚመጣው ሰው ክፍት ሲሆን ነው፤ ሰው ክፍት የሚሆነው ደግሞ ሌላ ሰው የሆነ ነገር ስላደረገ ነው። አንዷ ስክሪን ታቆማለች (የጓደኛዋን ጠባቂ በአካሏ ትጋርዳለች)፣ ሁለተኛዋ ወደ ቅርጫቱ ትሮጣለች፣ ተከላካይዋ አብራት ትሄዳለች፣ ሦስተኛዋ ብቻዋን ትቀራለች። ምክንያቱና ውጤቱ ፊት ለፊት ይታያሉ።

ሌላም አለ። ኤንቢኤና የሴቶቹ ደብሊውኤንቢኤ ላይ ተከላካይ ማንንም ሳይጠብቅ ቅርጫቱ ሥር ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። ኮሌጅ ላይ ይሄ ሕግ የለም፤ ረጅሟ ልጅ ከፈለገች እዚያው ተገትራ ትውላለች። እኛ ጋም እንደዛው ነው። ስለዚህ የእኛ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት የሚገጥማቸው ችግር፣ ቅርጫቱ ሥር የተጠቀጠቀ ሰው፣ እዚያም አለ። እነሱ እንዴት እንደፈቱት ማየት ነው።

ደግሞ ተማሪዎች ናቸው፤ ይሳሳታሉ። ስህተታቸው ከብልጠታቸው እኩል ያስተምራል።

ወንድ ነኝ፤ ይጠቅመኛል?

አዎ። ቀጣይ ጥያቄ።

ሕጉ እኛ ከምንጫወተው ይለያል?

ከምታስቡት በታች። እኛ የምንጫወተው በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ሕግ ነው። የሴቶች ኮሌጅ ከ2015-16 የውድድር ዘመን (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ጀምሮ እንደ ፊባ አራት ባለ 10 ደቂቃ ሩብ ይጫወታል። የወንዶቹ ኮሌጅ እስካሁን ሁለት ባለ 20 ደቂቃ አጋማሽ ነው። በአንድ ሩብ ውስጥ ከአምስተኛው የቡድን ፋውል ጀምሮ ሁለት የቅጣት ምት ይሰጣል፤ ይሄም እንደኛው ነው። የሦስት ነጥቡ መስመር ከ2021-22 ጀምሮ 6.75 ሜትር ላይ ነው፤ ይሄም አንድ ነው። ኳሱ ቁጥር 6 ነው፤ በፊባም ሴቶች የሚጫወቱት በዚሁ ነው።

ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ለአንድ ጥቃት እነሱ 30 ሰከንድ አላቸው፣ እኛ 24። መሃል ሜዳ ለመሻገር እነሱ 10፣ እኛ 8። እነዚያ ስድስት ትርፍ ሰከንዶች ለተመልካች በረከት ናቸው፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ሲዘጋ ሁለተኛው፣ እሱም ሲዘጋ ሦስተኛው ሲሞከር ታያላችሁ። ሜዳ ላይ ስትሞክሩት ግን ቶሎ ቶሎ በሉ።

ከየትኛው ጨዋታ ልጀምር?

ከአንድ ሳይሆን ከሁለት። የ2023ቱን ግማሽ ፍጻሜና የ2024ቱን ፍጻሜ አከታትላችሁ እዩ። ሁለቱም የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሁለት ሰው ዓመቱን ሙሉ የተከራከረውን ክርክር እንደመስማት ነው።

2023 ላይ ሳውዝ ካሮላይና አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው የመጣው። ቅርጫቱ ሥር ግዙፎች አሉት፤ አዮዋ በጉልበት አይችላቸውም። ታዲያ አዮዋ ምን አደረገ? አምስቱንም መጠበቅ ተወ። ከውጭ ብዙ የማትመታዋን ልጅ ለቆ ሰዉን ሁሉ ቅርጫቱ ሥር ከመረው። አንድ ቦታ ላይ የሳውዝ ካሮላይናዋ ሬቨን ጆንሰን ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ኳስ ይዛ ቆማለች፤ ጠባቂዋ፣ የአዮዋ ኮከብ ኬትሊን ክላርክ፣ ወደ እሷ መሄድ ቀርቶ በእጇ «ተያት» ብላ ፊቷን አዞረች። ያ ምስል ዓለምን ዞረ። ሰዉ ንቀት ነው ብሎ ተነታረከበት፤ ለእኔ ግን ሒሳብ ነው። አዮዋ 77 ለ 73 አሸነፈ፣ ክላርክ 41 ነጥብ አስቆጠረች።

ሳውዝ ካሮላይና በዚያ ክረምት አምስቱንም ቋሚ ተሰላፊዎቹን አጣ። አሰልጣኟ ዶውን ስቴሊ ግን ችግሩ የት እንደነበር አውቃዋለች። ቲ-ሂና ፓኦፓኦ የምትባል ከሩቅ የምትመታ ጋርድ (ከውጭ የምትጫወት) ከኦሪገን ዩኒቨርሲቲ መጣች፤ ቴሳ ጆንሰን የምትባል አንደኛ ዓመት ተማሪም ተጨመረች። የ2024 ፍጻሜ ላይ እነዚያን የውጭ ተኳሾች ለቆ ቅርጫቱ ሥር መከመር አይቻልም ነበር። ቴሳ ጆንሰን ከተቀያሪ ወንበር ተነስታ 19 ነጥብ አስቆጠረች። ውጩ ሲከበር ውስጡ ይከፈታል፤ ረጅሟ ካሚላ ካርዶሶ 15 ነጥብና 17 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ይዛ ወጣች። 87 ለ 75፣ የዓመቱ ውጤት 38 ድል፣ ዜሮ ሽንፈት።

ክላርክ በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 18 ነጥብ አስቆጥራ ነበር። በቀሩት ሦስት ሩቦች 12 ብቻ። ምን ተለወጠ? አልነግራችሁም። ሬቨን ጆንሰንን፣ አዎ ያችኑ ሬቨን ጆንሰንን፣ ከሁለተኛው ሩብ ጀምራችሁ ተከታተሏት።

ሳይ ኳሱን ብቻ ነው የምከተለው፤ ምን ላድርግ?

ሁላችንም እንደዛ ነን። ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ይከተላል፣ ካሜራውም ኳሱን ነው የሚያሳድደው። መድኃኒቱ አንድ ሰው መምረጥ ነው። ለአምስት ደቂቃ ኳስ የያዘችውን ሳይሆን አንዲት ሌላ ልጅ እዩ፤ መቼ ትሮጣለች፣ መቼ ትቆማለች፣ ማንን ይዛ ትሄዳለች። መጀመሪያ ይሰለቻል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሌላ ጨዋታ የምታዩ ይመስላችኋል።

አንድ ኳስ፣ ማለትም አንድ ጥቃት፣ ልዘርዝርላችሁ። ፖይንት ጋርዷ (ጥቃቱን የምትመራዋ) መሃል ላይ፣ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ኳስ ታነጥራለች። ሴንተሯ (ቅርጫቱ ሥር የምትጫወተው ረጅሟ) መጥታ በቀኝ በኩል ስክሪን ታቆማለች። አሁን ኳሱን እርሱትና የሴንተሯን ጠባቂ እዩ። ከአራት አንዱን ነው የምታደርገው። ወደኋላ ሸሽታ ቅርጫቱን ልትጠብቅ ትችላለች፤ ያኔ ፖይንት ጋርዷ ስክሪኑን አልፋ ለመምታት ቦታ አላት። ወደፊት ወጥታ መንገድ ልትዘጋ ትችላለች፤ ያኔ ሴንተሯ ከጀርባዋ ወደ ቅርጫቱ ትሾልካለች፣ ፓሱም ወደዚያ ነው። ሁለቱ ጠባቂዎች ሰው ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ያኔ ረጅሟ ላይ አጭር ጠባቂ ወድቃለች ማለት ነው። ወይ ደግሞ ሁለቱም ኳስ ያዢዋ ላይ ይረባረባሉ፤ ያኔ የቀረው ሜዳ አራት ለሦስት ነው፣ ኳሱን ቶሎ ማውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ይሄ ግን ግማሹ ነው። ሴንተሯ ወደ ቅርጫቱ ስትሮጥ ከማዶ በኩል ያለችው ተከላካይ ልታስቆማት ሁለት እርምጃ ገባ ትላለች። እነዚያ ሁለት እርምጃዎች ማዶ ጥግ ላይ ያለችውን ልጅ ብቻዋን ይተዋታል። ብልህ ፖይንት ጋርድ የምታየው ሴንተሯን ሳይሆን እነዚያን ሁለት እርምጃዎች ነው። ገባ ካለች ፓሱ ወደ ጥግ፣ ካልገባች ወደ ሴንተሯ። የ2023ቱን አዮዋ ስታዩ ክላርክና ሴንተሯ ሞኒካ ቺናኖ ይህንን ደጋግመው ሲሠሩት ታገኛላችሁ። እነሱ ይሄን ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነው የሚያነቡት። እናንተ ግን ማቆሚያ ቁልፍ አላችሁ።

«እያቆማችሁ እዩ» ትላለህ፤ እንዴት?

ስክሪኑ ሲቆም አቁሙ። ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ፓሱ ወደ እገሊት ነው፣ ምክንያቱም…»። ምክንያቱን የግድ ጨርሱት። ከዚያ አጫውቱት። ከተሳሳታችሁ ወደኋላ መልሱና ያላያችሁትን ሰው ፈልጉ፤ ሁሌም አንድ ያላያችሁት ሰው አለ።

እኔ በአንድ ቁጭታ ከ15 ኳስ በላይ አላይም። ከዚያ በላይ ሲሆን ጭንቅላቴ ይዘጋና ተመልሼ ደጋፊ እሆናለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ግምቴ አሥር ጊዜ ቢሞከር ሰባቱ ውድቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ተጫዋቿን «አታይም እንዴ!» እያልኩ እሳደብ ነበር። አንድ ቀን ያንኑ ኳስ አራት ጊዜ ስመልሰው፣ ክፍት ናት ያልኳት ልጅ ፊት አንዲት አጭር ጋርድ እጇን ዘርግታ ቆማለች። እኔ ነኝ የማላየው።

ጥሩ ውሳኔ የሚባለው ኳሱ ሲገባ ነው?

አይደለም። ልጆች ላይ በጣም የሚከብደኝም ይሄ ነው። መጥፎ ሹት ይገባል፣ ጥሩ ሹት ይስታል።

ወደ 2023 እንመለስ። ለምሳሌ ያህል አንዲት ልጅ ከውጭ ከአሥር ሦስት ታገባለች እንበል። አሥር ጊዜ ብትለቋት 9 ነጥብ። ሴንተሯ ደግሞ ቅርጫቱ ሥር ከአሥር ስድስት ታገባለች እንበል፤ 12 ነጥብ። ስለዚህ የመጀመሪያዋን መልቀቅ ትክክል ነው፤ ሁለቱን አከታትላ ብታገባባችሁም ትክክል ነው። የሚከብደው ሁለት ከገባ በኋላ አለመደናገጥ ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ሦስት ነጥብ ሲገባብን አምስታችንም ተያይዘን ወደ ውጭ እንሮጣለን፤ ቅርጫቱ ሥር የሰው ዘር አይቀርም።

እኔ ልጆቼን የምጠይቀው «ገባ ወይ?» ብዬ አይደለም። «ይቺው ኳስ መቶ ጊዜ ብትመጣ፣ መቶውንም እንዲሁ ታደርጋለህ?» እላለሁ።

ዞን መከላከል ጭራሽ አይገባኝም።

ዞን ላይ ተከላካይ ሰው ሳይሆን ቦታ ነው የሚጠብቀው። የተለመደው ሁለት ከፊት፣ ሦስት ከኋላ ነው። እንዲህ ሲከላከሉ ኳስ እያነጠሩ መዞር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ ማንም አይከተላችሁም፣ ማንም አይከፈትም። ዞንን የሚያናጋው ፓስ ነው። ሁለቱ ከፊት ያሉት መሃል፣ የቅጣት ምት መስመሩ አካባቢ፣ አንዲት ልጅ ኳስ ስትቀበል እዩ። ያን ጊዜ አምስቱም ተከላካይ ወደ እሷ ይዞራል። ዓይናቸው ሲዞር ጥግ ያሉት ይረሳሉ። በቃ፣ ለመጀመሪያ ወር ይቺን ብቻ ፈልጉ።

ኮኔቲከትን ሁሉም ያወራል። ምናቸውን ልይ?

ኳስ የሌላቸውን። የአሰልጣኝ ጂኖ ኦሪዬማ ቡድን፣ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ (ዩኮን ይሉታል)፣ 12 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የመጨረሻው 2025 ላይ ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ 59 ያሸነፈበት ነው። አዚ ፈድና ሳራ ስትሮንግ እኩል 24 ነጥብ አስቆጠሩ፤ ስትሮንግ 15 ሪባውንድም ጨመረች፣ ያውም ገና አንደኛ ዓመት ሆና። እሱን ጨዋታ ስታዩ አንዲት ልጅ ፓስ ከሰጠች በኋላ ምን እንደምታደርግ ብቻ እዩ። ሰጥታ አትቆምም። እኛ ጋ ፓስ የሰጠ ሰው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይመለከታል፤ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል።

ቁጥሮቹን ማየት ይጠቅማል?

ጨዋታውን ካያችሁ በኋላ፣ አዎ። ሰዉ መጀመሪያ የሚያየው ማን ስንት ነጥብ አስቆጠረ የሚለውን ነው። እሱን ተዉትና ሪባውንድና የባከነ ኳስ እዩ። የ2024 ፍጻሜ ላይ ሪባውንዱ ለሳውዝ ካሮላይና 51 ለ 29 ነበር። ከተቀያሪ የመጣው ነጥብ ደግሞ 37 ለ ዜሮ። እነዚህን ሁለት መስመሮች ያነበበ ሰው ክላርክ 30 አስቆጥራ ለምን እንደተሸነፈች ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ለመማርስ?

የ2024 ግማሽ ፍጻሜ፣ አዮዋ ከኮኔቲከት፣ 71 ለ 69። ኮኔቲከት በአንድ ነጥብ እየተመራ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ትንሽ ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ኳስ በእጁ ነበር። አሊያ ኤድዋርድስ ስክሪን ልታቆም መጣች፤ እየተንቀሳቀሰች ነው ተብሎ ፋውል ተነፋባት። ኳሱ ለአዮዋ። አሜሪካ ለሁለት ተከፍላ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቀች። «እንዲህ ባለ ሰዓት ይነፋል እንዴ?» የሚለው ወገን ይበዛል፤ እኔ ከሌላው ወገን ነኝ። ስክሪን የሚያቆም ሰው እግሩን ተክሎ መቆም አለበት፣ ደቂቃው የትኛውም ይሁን።

ለልጆቼ ግን የማሳያቸው ጭቅጭቁን አይደለም። ከዚያ በኋላ ክላርክ ሁለት የቅጣት ምት አግኝታ አንዱን ሳተች፤ ያን ጊዜ ሪባውንዱ ላይ የተረባረበው ማነው? ኳሱ ለአዮዋ ቀረ፣ ጨዋታውም አለቀ። ሁሉም ስለ ፋውሉ ያወራል፤ ስለዚያ ሪባውንድ የሚያወራ የለም።

በስንት ሰዓት ነው የሚታየው?

የውድድር ዘመኑ በፈረንጆቹ ኖቬምበር አካባቢ ይጀምርና ኤፕሪል መባቻ ላይ ባለው ፍጻሜ ይዘጋል። የ2024ም የ2025ም ፍጻሜ በእኛ አቆጣጠር እሁድ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ነበር የጀመሩት፤ እንቅልፍ መሸጥ አያስፈልግም። ግማሽ ፍጻሜዎቹ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ናቸው። ለመማር ከሆነ በቀጥታ ማየት ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ውጤቱን አውቃችሁ ብታዩት ልባችሁ አይሰቀልም፣ ዓይናችሁ ይሠራል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ነው ያለው፤ የሴት ቡድኑ 2006 ላይ ሻምፒዮን ሆኗል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከላይ ተቀመጡ። ከላይ አሥሩም ይታያሉ፤ ቴሌቪዥን ይሄን አይሰጥም።

የእንግሊዝኛ አስተያየቱ አይገባኝም።

ድምፁን አጥፉት። እንግሊዝኛው የሚገባኝም እኔ አጠፋዋለሁ። ሰውየው ነጥብ ከገባ በኋላ ነው የሚያብራራው፤ እናንተ የምትፈልጉት ከመግባቱ በፊት ያለውን ነው።

ማየት ብቻውን ተጫዋች ያደርጋል?

አያደርግም። ካያችሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ ሜዳ ላይ ሞክሩት። ሦስት ለሦስት ይበቃል፤ አምስት ለአምስት ላይ ሁሉም ይጯጯህና የተማራችሁት ይጠፋል።

ልጆች ይሄን ሁሉ ቁጭ ብለው ያያሉ እንዴ?

አያዩም። አሥር ደቂቃ ነው አቅማቸው። እኔ ስልኬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አምስት ስድስት ኳስ አሳያቸዋለሁ፤ እያቆምኩ «የት ትሰጣለች?» እላለሁ። የተሳሳተ አንድ ዙር ይሮጣል፤ እኔም ስሳሳት እሮጣለሁ፣ እሱን ነው የሚወዱት።

አንዲት 13 ዓመቷ የሆነች ልጅ አለች፤ ብዙም አትናገርም። አንድ ቀን ሁላችንም ፓሱን ስናደንቅ «ኮች፣ እኮ ኳሱን ሳትቀበል በፊት ነው ጥጉን ያየችው» አለችኝ። መለስኩት። እውነቷን ነው፤ ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ ጭንቅላቷን ዞር አድርጋለች። እኔ ያንን ኳስ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አላየሁትም።

ቅዳሜ ሜዳ ላይ ልጅቷ ኳስ ሊመጣላት ሲል ጭንቅላቷን አዞረች፣ ጥጉ ክፍት መሆኑን አየች፣ ተቀብላ ሳታነጥር ወደዚያው ለቀቀችው። ጥግ ላይ የነበረው ልጅ አጎንብሶ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ኳሱ በጭንቅላቱ ላይ አልፎ፣ አጥሩን ዘሎ፣ አስፋልቱ ላይ ወረደ። ሁሉም ሳቀባት። እኔ «ትክክል ነሽ፣ ድገሚው» አልኳትና ኳሱን ላመጣ ሄድኩ።